ባሩድ የሌለው ተኩስ

ስለ ጦር መሣሪያ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከባሩድ ነው። ጭሱና ድምፁ የሰውን ዐይንና ጆሮ ስለሚስብ፥ ከባሩድ በቀር ጥይት የሚወረውር ኀይል ያለ አይመስልም። ነገር ግን ከባሩዱ ጠመንጃ ጎን ለጎን፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ ከ400 ዓመት በላይ የኖረ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም በታመቀ አየር የሚሠራው ጠመንጃና ታናሽ ወንድሙ የአየር ሽጉጥ ነው። ዛሬ በብዙ የአውሮፓ፥ የአሜሪካና የእስያ አገሮች ይህን ሽጉጥ ገዝተው ከሥራ መልስ በክበብ አዳራሽ ወይም በቤታቸው ምድር ቤት የወረቀት ኢላማ እየመቱ የሚዝናኑ ሰዎች ብዙ ናቸው። መጫወቻ ነው የሚሉት አሉ፤ የለም፥ መሣሪያ ነው የሚሉትም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አያጡም፤ ታሪኩን ስንመለከት ግን ክርክሩ ዛሬ የተጀመረ እንዳይደለ እንረዳለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ አየር ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የብስክሌት ጎማ መንፊያ ይዞ፥ አፉን በአውራ ጣቱ ደፍኖ እጀታውን የገፋ ሰው ሁሉ፥ አየር ሲታመቅ መልሶ እንደሚገፋ በእጁ ያውቀዋል። የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ሮበርት ቦይል በ1662 ያወጣው ሕግ፥ ሙቀቱ ሳይለወጥ አየሩ የያዘው ስፍራ በእኩሌታ ሲቀነስ ግፊቱ እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። ይህ ሕግ ከመጻፉ በፊት ግን ሰዎች ነገሩን በሥራ ላይ አውለውት ነበር። በደቡብ አሜሪካና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች የሚኖሩ አዳኞች ውስጡ ክፍት በሆነ ረጅም ዘንግ ትንሽ ፍላጻ አግብተው በትንፋሻቸው ይወነጭፉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ከተማ የኖረው ክቴሲቢዮስም፥ የጸጉር አስተካካይ ልጅ እንደነበረ የሚነገርለት ብልኅ ሰው፥ በነሐስ ቱቦ ውስጥ በታመቀ አየር ድንጋይ የሚወረውር መኪና እንደ ሠራ ከእርሱ በኋላ የመጣው ፊሎን ጽፎልናል።

እስከ ዛሬ ተጠብቀው ከኖሩት የአየር ጠመንጃዎች እጅግ አሮጌው ነው የሚባለው በ1580 ግድም የተሠራ ሲሆን፥ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ቤተ መዘክር ይገኛል። አሠራሩን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያዳግትም፤ አንጥረኛ እሳት የሚያናፋበት ወናፍ በሰደፉ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነውና። ምላጩ ሲሳብ ተወጥሮ የነበረው ሞላ ወናፉን ባንዴ ይጨፈልቀዋል፤ በድንገት የወጣውም አየር ፍላጻውን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ባለሞላ የአየር ሽጉጥ በወናፉ ፈንታ ፒስቶን ከመግባቱ በቀር በመሠረቱ ያው ነው።

የአየር ጠመንጃ ከመኳንንት ማደኛነት አልፎ ወደ ጦር ሜዳ የወጣው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ባርቶሎሜዎ ጂራርዶኒ የሚባል የቲሮል ሰው ያበጀውን ጠመንጃ የኦስትሪያ ሠራዊት በ1780 ግድም ተቀበለው። ሰደፉ እንጨት ሳይሆን አየር የሚጠራቀምበት የብረት ዕቃ ነበር። ወታደሩ ሰደፉን ፈትቶ በእጅ መንፊያ ይሞላዋል፤ ለመሙላትም 1500 ጊዜ ያህል መግፋት ያስፈልገዋል። በአፈሙዙ ጎን ባለ ቱቦ 20 ያህል የእርሳስ ድቡልቡሎች ይደረደራሉ። ወታደሩ ጠመንጃውን ቀና አድርጎ አንዲቱን ብረት በአውራ ጣቱ ሲገፋ ጥይቱ በራሱ ክብደት ወርዶ ስፍራውን ይይዛል፤ ከዚያ መተኮስ ብቻ ነው።

ይህ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበረ ለመረዳት የባሩዱን ጠመንጃ ማሰብ ይገባል። የሠለጠነ ወታደር ባሩዱን አፍስሶ፥ ጥይቱን በዘንግ ጠቅጥቆ፥ በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ጎበዝ ይባል ነበር። ዝናብ ከመጣ ባሩዱ ይርሳል፤ ጭሱም የተኳሹን ስፍራ ለጠላት ያጋልጣል። የጂራርዶኒ ጠመንጃ ጭስ የለው፥ እሳት የለው፥ ዝናብ አይፈራ፤ ወታደሩም ተኝቶ ወይም ተደብቆ ደጋግሞ መተኮስ ይችላል። ታዲያ ለምን ዓለምን አልያዘም ቢባል፥ መልሱ በሥራው ረቂቅነት ላይ ነው። የአየሩን ዕቃ ሳያሾልክ መሥራት በዚያ ዘመን ለነበሩት ብረት ሠሪዎች እጅግ አስቸጋሪ ነበር፤ የቆዳ መክደኛው ሲደርቅ አየር ይወጣል፤ ጠመንጃው ሲበላሽ የሚጠግነው የሰዓት ሠሪ ዐይነት እጅ ያለው ሰው እንጂ የጦር ሰፈር ቀጥቃጭ አይደለም። ደግሞም 30 ያህል ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ግፊቱ እየደከመ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በ1815 ግድም ከሠራዊቱ ወጣ። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ሐሳቡ ቀድሞ የእጅ ጥበቡ ዘግይቶ የደረሰበት መሣሪያ ነበር።

ሆኖም ከሠራዊቱ ሳይወጣ፥ እንዲህ ያለው ጠመንጃ በሌላ ክፍለ ዓለም ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን፥ ሜሪዌዘር ሉዊስንና ዊልያም ክላርክን ከአገሪቱ ምሥራቅ ተነሥተው እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ድረስ መንገድ እንዲፈልጉ በላኳቸው ጊዜ፥ ሉዊስ አንድ የአየር ጠመንጃ ይዞ ነበር። ብዙ ሊቃውንት ጠመንጃው የጂራርዶኒ ዐይነት እንደነበረ ዛሬ ይስማማሉ። መንገደኞቹ ጥቂት ደርዘን ሰዎች ነበሩ፤ የሚያልፉበት አገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ተዋጊዎች ያሏቸው ሕዝቦች አገር ነበር። ሉዊስ ከአንዱ ሕዝብ መሪዎች ጋር በተገናኘ ቁጥር ንግግሩ ሲያበቃ የአየር ጠመንጃውን አውጥቶ፥ ባሩድ ሳያፈስስ፥ ጭስ ሳይታይ፥ ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። ተመልካቾቹ በሰፊው እንደተደነቁ በየዕለቱ ማስታወሻው ላይ ጽፏል። እንዲህ ያለው ጠመንጃ አንድ ብቻ መሆኑን የሚያውቁት የእርሱ ሰዎች ናቸው፤ ተመልካቾቹ ግን በጀልባው ውስጥ ስንት እንዳለ ከየት ያውቃሉ? ጉዞው ከ1804 እስከ 1806 ቆይቶ ያለ ትልቅ ጦርነት ከተፈጸመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው የሚሉ አሉ። አንዲት ጠመንጃ ብቻዋን ይህን ያህል ሠርታለች ማለት ማጋነን ይመስለኛል፤ ብዙ የአገሬው ሕዝቦች ምግብና መሪ በመስጠት እንደረዷቸው መርሳት አይገባም።

የዚያው ጠመንጃ ታሪክ ግን ሌላም ገጽ አለው፤ ይህ ገጽ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይነበብም። ጉዞው ገና ሲጀመር፥ በኦገስት መጨረሻ 1803፥ ሉዊስ ከፒትስበርግ ከተማ ጥቂት ማይል ዝቅ ብላ በምትገኝ ደሴት አረፈና የሰፈሩ ሰዎች የአየር ጠመንጃውን ሊያዩ ተሰበሰቡ። ሉዊስ 50 ሜትር ያህል ላይ 7 ጊዜ ተኩሶ አሳያቸው። ቀጥሎም አያያዙን ለማያውቅ ለአንድ ሰው ሰጠው። ጠመንጃው በሰውየው እጅ ሳይታሰብ ተኮሰ፤ ጥይቱም 40 ሜትር ለማይሞላ ርቀት ሄዶ የአንዲት ሴት ባርኔጣ ቀድዶ ጆሮ ግንዷን ፈቀፈቀው። ሴትዮዋ ወደቀች፤ ደሟ ፈሰሰ፤ ሁሉም ሞተች ብለው ደነገጡ። ደግነቱ ቁስሉ ቀላል ሆኖ ተገኘና ተነሣች። ድምፅ የሌለው፥ ጭስ የሌለው ዕቃ ሰው እንደማይጎዳ አድርጎ መገመት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ነገር መሆኑ ነው።

ወደ ሽጉጡና ወደ መዝናኛነቱ እንመለስ። በ1871 ሄንሪ ኳከንቡሽ የሚባል የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ሰው የአየር ሽጉጥ ፈጠራ መብት አግኝቶ ማምረት ጀመረ። ይህ ሰው በኋላ ለውዝ መስበሪያም በብዛት በመሥራት ታውቋል፤ ከሽጉጥና ከለውዝ መስበሪያ የትኛው የበለጠ ስም እንዳስገኘለት መወሰን ያስቸግራል። በቦስተን ከተማ የነበረው አልበርት ፖፕም ወደ ብስክሌት ሥራ ከመግባቱና በአሜሪካ የመጀመሪያው ታላቅ የብስክሌት አምራች ከመሆኑ በፊት የአየር ሽጉጥ ይሸጥ ነበር። በሚሺጋን ግዛት በፕሊመዝ ከተማ ደግሞ ለገበሬዎች የነፋስ ወፍጮ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ነበር፤ ገበያው ስለ ቀዘቀዘበት ወፍጮ ለሚገዛ ሁሉ የአየር ጠመንጃ በምርቃት መስጠት ጀመረ። ሕዝቡ ከወፍጮው ይልቅ ምርቃቱን ስለ ወደደው፥ ፋብሪካው ወፍጮውን ትቶ በ1895 ስሙን እስከ መለወጥ ደረሰ፤ ዴይዚ የሚባለው ታዋቂ የልጆች የአየር ጠመንጃ አመጣጥ ይህ ነው። እንግዲህ የአየር ጠመንጃ መጫወቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው ሥር የሰደደው እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ ከቦዌሮች ጋር በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች የተኩስ ችሎታ አነስተኛ መሆኑ ስለታየ፥ በየከተማው የኢላማ ክበቦች ተቋቋሙ። ሠራተኛው ሕዝብ የባሩድ ጥይት የሚገዛበት ገንዘብም የሚተኩስበት ሜዳም ስላልነበረው፥ በመጠጥ ቤት አዳራሽ ውስጥ በአየር ጠመንጃ መወዳደር የተለመደ ሆነ። ኢላማው መካከሉ ትንሽ ቀዳዳ ያለበት ብረት ነው፤ ጥይቷ በቀዳዳው ካለፈች ከበስተኋላው ያለው ደወል ይጮኻል፤ ዳኛ አያስፈልግም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 የወጣው ሕግ የባሩድ ሽጉጥ ያለ ፈቃድ መያዝን ከለከለ፤ ተራው የአየር ሽጉጥ ግን ከዚያ ውጭ ቀረ። ዌብሊ ኤንድ ስኮት የተባለው የበርሚንግሐም ጠመንጃ ሠሪ ይህን አይቶ በ1924 የመጀመሪያውን የአየር ሽጉጡን አወጣ። አሠራሩ ብልኅነት ነበረው፤ አፈሙዙ በአየር ቱቦው ላይ ተኝቶ በፊተኛው ጫፍ ይታጠፋል፤ እርሱኑ እንደ ማንሻ ስበው ሞላውን ያቅቡታል፤ ፒስቶኑም ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ስለሚሮጥ ሽጉጡ አጭር ሆኖ በእጅ ይመቻል። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው፥ ጡረተኛው፥ አስተማሪው ይህን ሽጉጥ በሳጥን አድርጎ ገዝቶ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ካርቶን ሰቅሎ ይተኩስ ጀመር።

ጀርመኖች ከዚህ በፊት ገብተውበት ነበር። በ1890 በራሽታት ከተማ የተቋቋመውና ዲያና በሚባለው ምልክቱ የታወቀው ፋብሪካ በ1892 የአየር ሽጉጥ አወጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሸናፊዎቹ መንግሥታት ጀርመኖች መሣሪያ እንዳይሠሩ ስለ ከለከሉ፥ የዲያና ማሽኖች ተነቅለው ወደ እንግሊዝ መንግሥት ተወሰዱና በስኮትላንድ ምድር ሥራ ጀመሩ። ክልከላው በ1950 ግድም ሲላላ በመጀመሪያ የተፈቀደው የአየር መሣሪያ ነበር፤ ስለዚህ የተራቡት የጀርመን ጠመንጃ ሠሪዎች እውቀታቸውን ሁሉ በእርሱ ላይ አፈሰሱት። ዋልተር የተባለው ድርጅት ኤልፒ 53 የሚባለውን የአየር ሽጉጥ የሠራው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሽጉጥ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ተዋናዩ ሾን ኮነሪ ለጄምስ ቦንድ ፊልም ማስታወቂያ ፎቶግራፍ ሊነሣ በመጣ ጊዜ ትክክለኛውን ሽጉጥ ማምጣት ተረስቶ ነበርና፥ ፎቶግራፍ አንሺው የራሱን የኢላማ መለማመጃ ኤልፒ 53 ሰጠው። በዓለም ሁሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አስፈሪ ሰላይ የያዘው እንግዲህ የአየር ሽጉጥ ነው! ያ ሽጉጥ በ2010 በሎንዶን በጨረታ ከ270 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጧል።

ባለሞላው ሽጉጥ አንድ ችግር ነበረበት። ምላጩ ሲሳብ ከባዱ ፒስቶን በድንገት ይሮጥና ይቆማል፤ ጥይቷም ገና ከአፈሙዙ ሳትወጣ ሽጉጡ በእጅ ላይ ሁለት ጊዜ፥ አንድ ጊዜ በዚህ አንድ ጊዜ በዚያ፥ ይነቃነቃል። ጥሩ ተኳሽ እንኳ በዚህ ምክንያት ይስታል። ፋይንቨርክባው የተባለ ድርጅት፥ ቀድሞ በማውዘር ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች ያቋቋሙት፥ በ1965 ባወጣው ሞዴል 65 ሽጉጥ አፈሙዙና ቱቦው በተኩሱ ቅጽበት ከእጀታው ተለቅቀው በሐዲድ ላይ እንዲንሸራተቱ አደረገ፤ ንቅናቄው ከሰውየው እጅ ተወገደ። በኋላም በጋዝና አስቀድሞ በታመቀ አየር የሚሠሩ መጡ፤ ፒስቶኑም ቀረ። ከዚያ ወዲያ ተኳሹ የሚያመካኝበት ነገር አልቀረለትም፤ ከሳተ የሳተው እጁ ነው። በ1970 የአየር ሽጉጥ በዓለም ሻምፒዮና ገባ፤ በ1988 ደግሞ በሴኡል ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ርቀቱ 10 ሜትር ነው። ጥይቷ ወገቧ የቀጠነ፥ ስፋቷ 4.5 ሚሊሜትር፥ ክብደቷ ግማሽ ግራም ያህል የሆነች እርሳስ ናት። 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክበብ ስፋት 11.5 ሚሊሜትር ነው፤ ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። ሽጉጡ በአንድ እጅ ብቻ ይያዛል፤ ሌላው እጅ ኪስ ውስጥ ይገባል ወይም ቀበቶ ላይ ያርፋል፤ ይህም ለማማር ሳይሆን ትከሻው እንዳይወዛወዝ ነው። በ75 ደቂቃ 60 ጥይት ይተኮሳል። ሒሳብ የሚወድ ተማሪ ይህን ያስላ፤ በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል 33 ሳንቲሜትር ያህል ቢኖር፥ ፊተኛው ከሩብ ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ አድርጎ ቢዛነፍ ጥይቷ ከ10 ክበብ ትወጣለች። ስለዚህ የሠለጠነ ተኳሽ ዐይኑን የሚያሳርፈው ኢላማው ላይ ሳይሆን ፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ነው፤ ኢላማው ደብዝዞ ቢታይ ግድ የለውም። ትንፋሹን ከፊል አውጥቶ ይይዛል፤ ምላጩን በዝግታ ይጨምቃል፤ ልቡ ካልረጋ ሽጉጡን ሳይተኩስ መልሶ ያወርደዋል። ይህ መልሶ ማውረድ ከሁሉ የሚከብድ ሙያ መሆኑን አሠልጣኞች ይናገራሉ። የደቡብ ኮርያው ጂን ጆንግ ኦ በ2009 ከ600 ነጥብ 594 አግኝቷል፤ በ60 ጥይት 6 ነጥብ ብቻ ማጉደል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጸጥታና ሥርዓት ባለበት፥ ያቺ ግማሽ ግራም እርሳስ በሴኮንድ 150 ሜትር ያህል እንደምትሄድ መዘንጋት አይገባም። ዐይን ታጠፋለች፤ ቆዳ ትበሳለች። በ2005 በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ አንድ የ2 ዓመት ሕፃን በአየር ጠመንጃ ጥይት ተመትቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ ብዙ ክርክር ተደርጎ የስኮትላንድ ምክር ቤት በ2015 ሕግ አወጣ፤ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮም በስኮትላንድ የአየር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ሆነ። በእንግሊዝ አገር ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው ሊገዛ አይችልም፤ ከ8 ጁል ገደማ የሚበልጥ ኀይል ያለው የአየር ሽጉጥም እንደ ባሩድ ሽጉጥ ይቆጠራል። የክበብ ሰዎች ስለዚህ ሕግ አጉረምርመዋል፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ጥንቁቁ ሰው እንጂ ግዴለሹ አይደለም ይላሉ። ይህ ክርክር ምክንያት የለውም አልልም። ነገር ግን እነዚሁ ክበቦች በራሳቸው አዳራሽ የሚያስከብሩት ደንብ ከመንግሥት ሕግ ይጠብቃል፤ ጥይት ቢኖርበትም ባይኖርበትም አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም፤ ዐይን በመነጽር ይሸፈናል፤ አንድ ሰው ወደ ኢላማው እስኪሄድና እስኪመለስ ድረስ ሽጉጡ ሁሉ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የደሴቲቱን ሴት ታሪክ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅም።

ስለ ሴኡል ስናነሣ የአንዲት ሴት ስም መጠቀስ ይገባዋል። በ1988 በሴቶች የአየር ሽጉጥ አንደኛ የወጣችው የዩጎዝላቪያዋ ያስና ሸካሪች ስትሆን፥ ሁለተኛዋ ለሶቪየት ኅብረት የተወዳደረች የ19 ዓመት የጆርጂያ ልጅ ኒኖ ሳሉክቫድዜ ነበረች። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰ፤ እርሷ ግን ሽጉጧን አላስቀመጠችም። በኦገስት 2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲከፈት በሩሲያና በጆርጂያ መካከል ጦርነት ተነሣ። ውጊያው ሳያበቃ፥ በኦገስት 10 ቀን፥ የአየር ሽጉጥ ውድድር ተደረገና የቻይናዋ ጉዎ ዌንጁን ወርቅ፥ የሩሲያዋ ናታልያ ፓደሪና ብር፥ ሳሉክቫድዜ ነሐስ አገኙ። አገሮቻቸው የሚዋጉት ሁለቱ ሴቶች በሽልማቱ መድረክ ላይ ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ ፎቶግራፉም በዓለም ጋዜጦች ወጣ። የሁለቱም እጅ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሽጉጥ ይዞ ነበር።

በ2016 በሪዮ ከልጇ ከጾትኔ ማቻቫሪያኒ ጋር ተሰለፈች፤ እናትና ወንድ ልጅ በአንድ ኦሊምፒክ ሲወዳደሩ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ፤ ሁለቱም የአየር ሽጉጥ ተኩሰዋል። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ብዙ ሰው የተመለከተው የቱርኩን ዩሱፍ ዲኬችን ነበር፤ ተራ መነጽሩን እንዳደረገ፥ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ፥ ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በጥንድ ውድድር ብር ሲወስድ ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። በዚያው አዳራሽ ሳሉክቫድዜ በ55 ዓመቷ ለ10ኛ ጊዜ በኦሊምፒክ ቆማ ተኮሰች፤ ለፍጻሜው አላለፈችም።